የተቆለፈው ቤት ክዳን

ክረምቱ አልፎ የደረቀ ሳር ሽታ በነፋስ ሲመጣ፣ ዛሬም ራሴ ላይ ሸክም ያለ ይመስለኛል። ባምባሲ አጠገብ ባለችው መንደራችን፣ ኅዳር ሲገባ እናቴ ማጭዷን ከግድግዳው አውርዳ «ቢፍቱ፣ ተነሺ፣ እሳት ሳይቀድመን» ትለኝ ነበር፤ ረጅሙ ሳር በጊዜ ካልታጨደ የበጋው ሰደድ እሳት ጠራርጎ ይወስደው ነበርና።

ወላጆቼ ከወለጋ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። የምንጸልይበትን ቤት የመንደሩ ወንጌል አማኞች ተጋግዘው ነው የሠሩት፤ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሳር። በደርግ ዘመን አንድ ቀን ታጣቂዎች መጥተው በሩን ቆልፈው አሸጉትና አባቴንና ሌሎቹን ወንዶች ይዘው ወደ አሶሳ ወሰዷቸው። መቼ እንደሚመለሱ የሚነግረን አልነበረም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም በስብሰባ ላይ «ቤቱን እኛ አናፈርሰውም፤ ሲወድቅ ግን ቦታው የማኅበሩ መጋዘን ይሆናል» አለ። ማፍረስ ምን አስፈለገው? ያልታደሰ የሳር ክዳን የእኛን አገር ዝናብ አይችልም፤ ክዳኑ ካፈሰሰ ቀርከሃው ይበሰብሳል፣ የተረፈውን ምስጥ ይጨርሰዋል።

እናቴ ይህን ሰማች። ኅዳር ሲገባም ባሎቻቸው ከታሰሩባቸው ሴቶች ጋር ወጥታ ሳር ታጭድ ጀመር። እኔ እየተሸከምኩ እነጫነጭ ነበር፤ ፍርድ የጎደለበት ነገር ያኔም ያንገበግበኝ ነበር።

«የማንገባበትን ቤት ሳር ለምን እንሸከማለን? የቆለፉት ይሸከሙ እንጂ!»

እናቴ ሸክሟን ሳታወርድ «እንዳንገባ የከለከሉት እኛን ነው» አለችኝ። «ጌታን ማን ከለከለው?»

በጋውን ሳሩ ጓሯችን ተከምሮ ከረመ። እናቴ ያገኘችውን የጭነት መኪና ለምና እየተሳፈረች ለአባቴ ስንቅ ይዛ አሶሳ ትሄድ ነበር። አንዳንዴ አይታው፣ አንዳንዴ ሳታየው ትመለሳለች። ሳታየው ስትመለስ ቤት ከመግባቷ በፊት ወደ ክምሩ ሄዳ፣ ሳሩ እንዳልሻገተ በእጇ ዳብሳ፣ እዚያው ተንበርክካ ትጸልይ ነበር።

ሚያዝያ አልቆ ደመናው ሲከብድ የክዳን ጊዜ ደረሰ። በእኛ ዘንድ ቤት መክደን የወንድ ሥራ ነበር፤ ሴት ሳር ታቀብላለች እንጂ ጣሪያ ላይ አትወጣም። እናቴ ግን ወገቧን በመቀነት አጥብቃ አስራ መሰላሉን ወጣች። ሊቀመንበሩ ወሬው ደርሶት እየሮጠ መጣ።

«አዴ ጫልቱ! ውረጂ! ይሄ ቤት ታሽጓል!»

«የታሸገው በሩ ነው፣ ጓድ። በሩን ነክቻለሁ?»

«ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች?»

«ወንዶቹን አስራችሁ ማን ይውጣልኝ? መሰላሉ ያው፣ ና አንተ ውጣ!»

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አላስቻለኝም፣ «ከቆለፋችሁ አይቀር ዝናቡንም ቆልፉት!» ብዬ ጮኽኩ። ሊቀመንበሩ ዱላውን ይዞ ወደ እኔ ሲዞር፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሼህ አጣሂር ብድግ አሉ። ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሊቀመንበሩ ራሱ የሚያፍራቸው የበርታ ሽማግሌ።

«ወላሂ፣ ይሄ ልጅ እውነት ተናገረ» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው። «ይሄ ቤት ጸሎት ነው። ዝናብ ገባ፣ ቤት ወደቀ፣ እኛ ቁጭ ብሎ አየ? ሐራም ነው።»

ይህን ብለው ከመሬት አንድ ነዶ ሳር አነሡና ለእናቴ አቀበሏት። ሊቀመንበሩ ወደ በሩ ሄዶ ቁልፉን ጎተት ጎተት አደረገው፤ እንደተቆለፈ ነው። ከዚያም ዱላውን ብብቱ ሥር ከቶ ሄደ።

ክረምቱን ሙሉ፣ ዶፍ በወረደ ቁጥር፣ እናቴና እኔ በቤቱ ጀርባ ቆመን ጆሯችንን ቀርከሃው ላይ አስደግፈን ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ እናዳምጥ ነበር። ምንም አይሰማም ነበር። «ደረቅ ነው» ትለኝና ዝናብ ባራሰው ፊቷ ፈገግ ትላለች።

በቀጣዩም ዓመት ከደንነው። ያን መስከረም አባቴ ተፈታ። ከስቶ፣ ልብሱ ሰፍቶት መጣና እኛ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቆሞ ሽቅብ ጣሪያውን አየ።

«ማን ከደነው?»

«እኔ ነኛ» አለች እናቴ።

«በዚህ በኩል ሳስቷል።»

«ታዲያ ለምን ቀረህ?» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቃቸውም ወዲያው ልቅሶ ሆነ።

በሩ የተከፈተው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ደርግ ሲወድቅ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ እንደቆሙ ነበሩ፣ ወለሉም ደረቅ ነበር። አባቴ አቧራውን ሳያራግፍ ተንበረከከ።

ዛሬ እዚያው ቦታ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ አዳራሽ አለን፤ ሳር የሚሸከምም የለም። በቅርብ ዓመታት ክልላችን ሲታመስ ከቀያቸው የሸሹ ሰዎች እዚያ ተጠልለው ነበር፤ ምግቡ ሲታደል አንዱ በልቶ ሌላው እንዳይቀር ከበሩ የማልጠፋ እኔ ነበርኩ። አንዲት አራስ፣ «እማማ፣ እንመለስ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት፣ ከዚያም ስለ እናቴና ስለ ሳሩ አጫወትኳት። ያን ሌሊት ዶፍ ወረደ። ያኔ ዝናብ ሳሩ ላይ ድምፅ አልነበረውም፤ ቆርቆሮው ግን ይጮኻል። እኔም በተኙት መሐል ወለሉን በእጄ እየዳበስኩ ዞርኩ። ደረቅ ነበር።