ከቁልቁለቱ ግርጌ የተቆለሉት ጎማዎች

አክስቴ የዳቦ መኪና ሾፌር ናት። ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ትኩሱን ጭና ለየሱቁ ስታድል ነው ጸጉሯ የሸበተው። እግረኛውንም ሾፌሩንም «ቀስ በሉ» ማለት ስለምታበዛ፣ በሠፈሩ መጠሪያዋ ቀስ በሉ ሆኖ ቀርቷል።

አንድ ቀን ረጅሙን ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኑን ብትረግጠው እግሯ ዝም ብሎ ሰመጠ። ደጋግማ ረገጠች፤ ወይ ፍንክች። ማርሽ ቀነሰች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ መኪናዋ ገታ አለች እንጂ አልቆመችም። ከታች መንገዱ ይታጠፋል፤ እዚያ ደግሞ ሰው ይሻገራል። በቀኝ ያለው የድንጋይ አጥር ነው። በግራ ጎማ የሚጠግነው የጎሚስታው ሱቅ አለ፤ ከሱቁ ጎን ያረጁ ጎማዎች ከሰው ቁመት በላይ ተቆልለዋል። አክስቴ ክላክሱን ሳትለቅ መሪውን ወደ ጎማዎቹ ጠመዘዘችው።

ክምሩ ተጨመቀ፣ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ከዚያም ላይዋ ላይ ተናደ። መኪናዋ እስከ መስታወቷ ጎማ ውስጥ ተቀብራ ቆመች። አክስቴ ቀበቶው ደረቷ ላይ ካወጣው ሰንበር በቀር ምንም አልሆነችም። በራሷ እግር ወርዳ አንዱ ጎማ ላይ ቁጭ አለች።

ባሏ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ወሬው ደርሶት እየሮጠ መጣና ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። ሰውዬው ሲደነግጥ ማስተማር ይቀናዋል።

«መኪናዋ መቆሟ አይቀርም ነበር» አላት። «አጥሩ ቢሆን ባንዴ ቀጥ ያደርጋትና ምቱ እንዳለ አንቺ ላይ ያርፍ ነበር። ጎማዎቹ ግን እየተጨመቁ፣ እየሸሹ፣ ቀስ አድርገው አቆሟት። መቆሚያው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ምቱ ይለዝባል።»

አክስቴ አዳምጣው ስታበቃ፣ እሱንም ጎማ ላይ አስቀምጣ ውኃ አጠጣችው።

በሳምንቱ ዳቦ ይዛ ጎሚስታውን ልታመሰግን ሄደች። ሰውዬው መግቢያው ጠፋው።

«እኔን አያመስግኑኝ፣ እትዬ» አላት። «ያዳነዎት ስንፍናዬ ነው። ሚስቴ ይህን ቆሻሻ አንሳልኝ እያለች ስትነዘንዘኝ፣ እኔ ነገ ነገ እያልኩ ከረምኩ።»

አክስቴ ሚስትየው የት እንዳለች ጠየቀችው። ጓዳ ገብታም ልብስ የምታጥበውን ሴት ከነአረፋዋ እቅፍ አደረገቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ጨክነሽ ራስሽ ብታስነሺው ኖሮ ዛሬ አልኖርም ነበር።»

ሴትየዋ በመጀመሪያ ግራ ገባት፤ ነገሩ ሲገባት ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከእንግዲህ ባሏን በምን አፏ እንደምትቆጣው ጠየቀች። አክስቴ ሳቁን ጀምራው መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት፤ አደጋው ከደረሰ ወዲህ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር። ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ እስኪወጣላት ድረስ ጀርባዋን ትደባብሳት ጀመር።