ግማሻችሁ ሂዱ፣ ግማሻችሁ ቅሩ

የዚያ ዓመት ክረምት መስቀል ካለፈ በኋላም አልወጣ ብሎ፣ ጭቃው የጋሪ ፈረስ እስከ ጉልበቱ ይውጥ ነበር። ልብስ አይደርቅም፤ ቤቱ ሁሉ እርጥብ ጋቢ ጋቢ ይላል። ሰውም በላይ በላዩ ሞተብን። የዕድር ጥሩምባ ሳይነፋ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም።

ያኔ ከሆሳዕና ዳር ባለች ጤና ጣቢያ ጽዳት ነበርኩ። ጥሩምባ ሲነፋ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሁላችንም ውልቅ ነው፤ ካርድ ክፍሉም፣ ነርሶቹም፣ ዘበኛው ጥላዬም። ከሌሞ ገጠር በእግሩ የመጣ በሽተኛ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ነውር አልመሰለንም። ለቅሶ የማይደርስ ሰው ምኑን ሰው ነው?

በዚያው ክረምት ሲስተር ርብቃ ኃላፊ ሆና መጣች። የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። በመጣች በሳምንቷ ጥሩምባ ሲነፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ግማሻችሁ ሂዱ፣ ግማሻችሁ ቅሩ። በሚቀጥለው ትለዋወጣላችሁ።»

«ሲስተር፣» አላት ጥላዬ፣ «እዚህ አገር ቀብር ያልወጣ፣ የራሱ ቀን ሲመጣ የሚሸከመው ያጣል።»

«እኔ ቀላል ነኝ፣ ጋሽ ጥላዬ። ሁለት ሰው ይበቃኛል።»

ሳቅን፤ ግን ከፋን። ጥላዬ «ድንጋይ» ብሎ ስም አወጣላት። እኔን ግን ወለል ስወለውል ካየች መወልወያውን ትቀበለኝና «እማማ አስናቀች፣ ወገብዎን ያሳርፉ» ትለኝ ነበር።

በዓመቱ እናቷ አንጋጫ አረፉ። ሠራተኞቹ «እሷ ለማን ወጣችና!» ሲሉ ሰማሁ። በአገሯ ሰው ፊት ብቻዋን ልትቆም ነው ብዬ አዘንኩላት። ጠዋት ጤና ጣቢያው ስደርስ ግን ሚኒባስ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሠራተኛው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገብቷል።

«ይግቡ እንጂ፣ እትዬ አስናቀች!» አለኝ ጥላዬ። «ድንጋይም እናት አላት።»

አንጋጫ ስንደርስ ፊቷ አባብጦ ከድንኳኑ ወጣች። አንድ በአንድ አቅፋ ሳመችንና ዞር ዞር ብላ አየችን።

«እዚያ ማን ቀረ?»

ማንም አልቀረም ነበር።

«ቁልፉስ?»

ጥላዬ ኪሱን ዳበሰ።

«ዛሬ የክትባት ቀን ነው እኮ! እናቶች ሕፃን ታቅፈው ጭቃ ላይ ቆመዋል!»

«ኧረ ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ነሽ» አሏት አንድ ሽማግሌ።

«አዎ፣ አባባ» አለች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ግማሻችሁ ተመለሱ።»

የሚመለስ ጠፋ። «አንቺ ሂጂ፣ አንተ ሂድ» እየተባባልን እዚያው ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ጥላዬ ቁልፉን አወጣ። «ስም ያወጣሁላት እኔ፤ የምመለሰውም እኔ» ብሎ ነርሶቹን አስከትሎ ሄደ።

እነዚያው ሰዎች ሥራ ጨርሰው አመሻሹ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆነው ዳግም አንጋጫ መጡ። ርብቃ ያን ጊዜ ነው እንደ ሕፃን ልጅ ያለቀሰችው፤ ጥላዬ ትከሻ ላይ።

የመንግሥት ሥራ ላይ ጠበቅ ማለት ይሻላል ወይስ ላላ ማለት እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔ ምኑን አውቄ። እሷ ግን እኛን ከልክላ ለራሷ አልፈቀደችም፤ ቂም ያልያዝንባት ለዚህ ይመስለኛል።

ካቻምና ተዛወረች። አሁን ሆመቾ ናት፤ እዚያ ጤና ጣቢያ ትሠራለች።