የአውራ ጣቴ ጉብታ

ዓረብ አገር፣ አንጠልያስ በምትባል ከተማ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ቤታቸውን የማጸዳላቸው ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ሚስተር እላቸዋለሁ። ጓዳቸው ውስጥ የቴሌስኮፕ መስታወት በእጃቸው እየሞረዱ ያለሰልሳሉ። እኔ ከመጀመሪያዋ ማዳሜ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ፓስፖርትም መኖሪያ ፈቃድም የለኝም፤ ስለዚህ ያንን ጓዳ የምጠርገው ትንፋሼን ውጬ ነበር።

አንድ ረፋድ የመጥረጊያው እንጨት የመስታወቱን ማቆሚያ ነካው። ሲንገዳገድ ዘልዬ ያዝኩት፤ አውራ ጣቴ ፊቱ ላይ አረፈ። እስኪረጋ አልለቀቅኩትም። አልወደቀም። ግን ቀና ብዬ የመስታወቱን ፊት የሚያሳየውን ኮምፒውተር ሳይ ክው አልኩ። ሁልጊዜ ቀጥ ብለው የማያቸው ቀይና ጥቁር መስመሮች መሃላቸው ላይ ጎብጠዋል።

መሸሽ አማረኝ። ፖሊስ ቢጠሩብኝስ? ብሸሽ ደግሞ ሌባ እባላለሁ።

"ሚስተር፣ ነካሁት" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። አልተቆጡም።

"ከመስታወቱ የሚመለሰው ብርሃን ከሌላኛው መስታወት ከሚመለሰው ጋር ሲገናኝ ነው እነዚህ መስመሮች የሚወጡት" አሉኝ በዓረብኛ። "ጉድጓድ ይሁን ጉብታ ግን ከአንድ ፎቶ አይታወቅም። ጉድጓድ ከሆነ የወራት ሥራዬ ተበላሸ፣ ኸላስ። ፌዙን ማውጣት አለብን።"

ፌዝ ሲሉ ያላገጡብኝ መሰለኝ። የብርሃኑ ሞገድ የቱ ጋ እንደደረሰ የሚናገር የእንግሊዝኛ ቃል መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

"ያላ፣ ግድግዳውን ተጠግተሽ ቁሚ፤ አትንቀሳቀሺ።"

ከፊት ለፊት የቆመውን ሌላኛውን መስታወት ለዓይን በማይታይ ልክ እየገፉ አራት ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ የጦር አውሮፕላን በላያችን አለፈ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ መስመሮቹ ተተራመሱ። እንደገና ከአንድ ጀመሩ። እኔ በልቤ እመቤቴ ማርያምን እለምናለሁ።

ኮምፒውተሩ አራቱን አስልቶ ባለቀለም ሥዕል አወጣ። መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

"ቀዩ ምንድን ነው?"

"ጉብታ። የጣትሽ ሙቀት ነው ያሳበጠው። ሲበርድ ይተኛል።"

አላመንኳቸውም። ወንበር ሰጡኝና ቁጭ ብዬ መስመሮቹ ቀስ በቀስ ሲቃኑ አየሁ። ሌላ አራት ፎቶ አነሱ፤ ቀዩ ጠፍቷል።

"አየሽ?" ብለው ሳቁ።

እኔን ሳቅ እምቢ አለኝ። በቫን ወደምኖርበት ሰፈር ወደ መዝረዓ ተመለስኩ። ከጓደኞቼ ጋር የተከራየናት ክፍል በር በተንኳኳ ቁጥርም እሳቸው የላኩብኝ ፖሊስ ይመስለኝ ጀመር። ቢሆንም ሐሙስ ተራዬ ሲደርስ ሄድኩ።