ሦስተኛው ድስት

ናዝሬት ላይ አንሶላ አጥቦ የሚኖር ሰው ከነፋሱ ጋር መተዋወቅ አለበት። ጠዋት ለስለስ ብሎ ይቆያል፤ ሰባት ሰዓት ሲል ግን አቧራውን ጭኖ ይመጣል። ሎሚ ድንቁ ከዚያ በፊት አጥባ፣ አስጥታ፣ ሰብስባ ትጨርሳለች። የምታጥበው የአሰብ መንገድ ሹፌሮች የሚያድሩባቸውን የሁለት ሆቴሎች አንሶላ ነው። ሳሙና ሲጠፋ በእንዶድ ታሻለች፤ በረኪና ሲገኝ ታነጣለች። ገና አርባ ዓመቷ ቢሆንም፣ ከጠጉሯ በፊት እጇ የሸበተ ይመስል ነበር።

የምትኖርበት ቤት ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው። ግቢው ውስጥ ግን የራሱ ቧንቧ አለው። ሰፈሩ በሙሉ ቦኖ ላይ ተሰልፎ ሲቀዳ፣ ሎሚ ከደጇ ሳትወጣ ሳፋዋን ትሞላለች። ድሮ ለባለቤቱ በወር አሥራ ስድስት ብር ትከፍል ነበር። በስድሳ ሰባቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራዩ ስምንት ብር ሆነ፤ ባለቤቱም ቀበሌ ሆነ። ያን ቀን ሎሚ ከልቧ እልል ብላለች። ከእንግዲህ የሚያስወጣኝ የለም ብላ ነበር።

በሰባ ሦስት ዓ.ም. መጋቢት ላይ ግን አንድ ወረቀት መጣላት። ያነበበችላት ዙህራ ናት። ዙህራ ባሏ መተሃራ አገዳ ይቆርጥ የነበረ፣ እሱ ሲሞትባት ሥራ ፍለጋ ናዝሬት የመጣች ሴት ናት። ከአራት ዓመት በፊት ለአንድ ቀን አንሶላ ልታግዝ ገብታ እዚያው ቀረች። መሠረተ ትምህርት አብረው ሲማሩ ከሎሚ ይልቅ ፊደሉ ቶሎ የገባው ለእሷ ነበር።

«ተከራይ ሎሚ ድንቁ» አለች ዙህራ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ «የሕዝብን ቤት በድብቅ በማከራየት... ለግል ጥቅም... ቤቱን የማያስረክቡበት ምክንያት ካለ እሑድ በፍርድ ሸንጎ ቀርበው መልስ ይስጡ።»

ሎሚ ሳቀች። «አከራይ? እኔ? እስቲ ድገሚው!»

ዙህራ ግን አልሳቀችም። «እትዬ ሎሚ፣ እኔን ነው እኮ። እኔ ልሂድና ይለፍ።»

«አፍሽን! ያንን አንሶላ ያዢ።»

ከሳሹ የቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ ተጠሪ ጓድ አሰግድ ነበር። ቧንቧ ያለበትን ግቢ ጠላ ቤት ልትከፍት ላሰበችው የሚስቱ እህት እንደሚፈልገው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም።

ሎሚ በማግስቱ ጠበቃ ፍለጋ ወጣች። የሄደችውም ወደ አቶ ፈይሳ ነው፤ ይህን የሰማ ሁሉ አእምሮዋን ተጠራጠረ። አቶ ፈይሳ በንጉሡ ዘመን የቤት ባለቤቶች ነገረ ፈጅ ነበር። ብድር ያስመልሳል፣ ኪራይ ያላገባውን ያስወጣል። በሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም. የሎሚን እናት አልጋ ከነፍራሹ አስፋልት ላይ ያስወጣው እሱ ራሱ ነው። ባለቤቶቹ ሲወረሱ ሥራውም አብሮ ተወረሰ፤ አሁን ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንዲት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በብር ከሃምሳ ማመልከቻ ይጽፋል።

«እርስዎን የመረጥኩት» አለችው ሎሚ፣ «ሰው ከቤት እንዴት እንደሚወጣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው።»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አያት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የወይዘሮ ተሻለች ልጅ። አልጋዋን ያወጡባት።»

አቶ ፈይሳ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀበላት። አሥራ አምስት ብር ጠይቆ በአሥር ብር ተስማሙ።

«አብራሽ ያለችው ልጅ ገንዘብ ትሰጥሻለች?»

«በየወሩ አራት ብር።»

«ቀስ በይ!» ግራ ቀኙን አየ። «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። ሠራተኛዬ ናት በይ። የቤት ሠራተኛ ማሳደር አልተከለከለም። በአንድ ቃል ነገሩ ያልቃል።»

«ሠራተኛዬ አይደለችማ።»

«እውነቱን መቼ ጠየቅኩሽ፣ መልሱን ነው የነገርኩሽ።»

አንድ ችግር ነበር። ፍርድ ሸንጎው ጠበቃ አያስገባም፤ ባለጉዳይ በራሱ አፍ ነው የሚናገረው። ስለዚህ አቶ ፈይሳ ከአዳራሹ መስኮት ውጭ ሊቆም፣ ሎሚ መናገር የሌለባትን ልትናገር ስትል ሊያስል ተስማሙ።

ቅዳሜ ማታ ዙህራ ራሷ ለመነቻት። «ሠራተኛ ናት በያ፣ እትዬ። ቃል ነው። ምን ይነካኛል?»

«ነገ ሳፋው ላይ ፊት ለፊት ስንቀመጥ እንዴት ነው የምንተያየው?»

«እንደ ዛሬው።»

«አይደለም» አለች ሎሚ። «ዛሬ እጅሽ ሲላጥ ቅባት ቀቢ እላለሁ። ነገ ሥራሽን ጨርሺ የምልሽ ይመስለኛል። ቃል እንዲያ ነው፤ ከለመድሽው ያዝዝሻል።»

እሑድ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ሦስት ዳኞች ተቀመጡ፤ መሐል ያለው ሰብሳቢው አቶ አብዱናሲር የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ጓድ አሰግድ ተነሥቶ ካኪውን አስተካከለ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ማድ ቤታቸው ገብቻለሁ። ሁለት ድስት አለ፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የዚያች። አንድ ቤተሰብ በሁለት ድስት አይበላም። ሁለት ድስት ካለ ሁለት ጎጆ አለ፤ በአንድ ቤት ሁለት ጎጆ ካለ ደግሞ አከራይና ተከራይ አለ ማለት ነው!»

ሰዉ አጉረመረመ። ነገሩ የተሳካ ይመስላል።

«ሁለት ድስት አለ ወይ?» አለ አቶ አብዱናሲር።

ከመስኮቱ ውጭ ሳል ተሰማ።

«አለ» አለች ሎሚ። «አንዱ የክርስቲያን ሥጋ መቀቀያ ነው፣ አንዱ የእስላም። እርስዎም ቤት ክርስቲያን ጎረቤት ሲጠሩ እንዲሁ አይደል?»

«ነው» አለ አቶ አብዱናሲር፣ ሳያስበው።

«ጓድ አሰግድ ግን ቸኩለው ነው እንጂ ክዳኑን ቢያነሡት ሸረሪት ያገኙ ነበር። የኔው ከገና ወዲህ፣ የሷው ከአረፋ ወዲህ ሥጋ አላየም። ሥጋ የሚሸጥበትን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። በየቀኑ የምንበላበት ሦስተኛው ድስት ነው፤ እሱ እሳት ላይ ስለነበር አላዩትም። ሽሮ ነው ያለበት። ሽሮ ሃይማኖት የለውም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴት ከኋላ «እውነቷን ነው፣ ጾሙም የሁላችን ሆኗል!» አለች። ጓድ አሰግድ ቀላ።

«ሳቁ ይብቃ» አለ ሰብሳቢው። «ሎሚ፣ ይቺ ሴት ምንሽ ናት?»

ውጭ ያለው ሳል ቀጠለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ሎሚ ዙህራን አየቻት። ዙህራ አንገቷን ደፍታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «ሠራተኛ» ትላታለች።

«አብራኝ ትኖራለች። አብራኝ ታጥባለች» አለች ሎሚ። «ሌላ ስም አላወጣሁላትም።»

«ኪራይ ትከፍልሻለች?» አለ ጓድ አሰግድ።

ሳሉ ጮኸ። «ኧረ ለዚያ ሰውዬ ውሃ ስጡት!» አለ ሰብሳቢው።

«ትከፍላለች!» አለች ሎሚ።

አዳራሹ ተናወጠ። ጓድ አሰግድ እጁን አጨበጨበ። «ይመዝገብልኝ! በራሷ አፍ!»

«ይመዝገብ!» ሎሚም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አራት ብር እሷ፣ አራት ብር እኔ፤ ስምንቱን በየወሩ ለቀበሌው አስገባለሁ። ደረሰኙ ይኸው። ከሷ ላይ አንዲት ስሙኒ ከቀረችብኝ እጄን ቁረጡኝ። ግን እስቲ ልጠይቅ። አከራይ ማለት ኪራዩን የሚበላው ነው ብላችሁ አስተምራችሁናል። የዙህራን አራት ብር አራት ዓመት ሙሉ የበላው ማን ነው? ድብቅ አከራዩን ከፈለጋችሁት እኔ ቤት አትምጡ፤ ገንዘብ መቀበያው መስኮት ጋ ሂዱ።»

የጀመረ ሳቅ መሐል ላይ ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ዘመን፣ በዚያ አዳራሽ አይነገርም። ሎሚ ግን አልተቀመጠችም።

ዳኞቹ ራስ ለራስ ገጥመው ረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። ከዚያ አቶ አብዱናሲር ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ተናገረ። ሎሚ በቤቱ ትቆያለች፤ ዙህራ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ትወጣለች፤ ሎሚም ሁለተኛ ደባል ላታስገባ በጣቷ አሻራ ትፈርማለች።

ብዙ ሰው እፎይ አለ። ቤቱ ተረፈ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ቀለሙ ቀረበላት።

ሎሚ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «አልፈርምም።»

«ካልፈረምሽ ቤቱን ታስረክቢያለሽ።»

«ይግባኝ አለኝ ወይስ የለኝም?»

ሰብሳቢው ተነፈሰ። «አለሽ። አሥራ አምስት ቀን።»

«እንግዲያው ይግባኝ!»

ውጭ አቶ ፈይሳ በላብ ተጠምቆ ጠበቃት። «ጉሮሮዬን ጨረስሽው! ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም? ተርፎ የነበረውን ቤት በገዛ አፍሽ መልሰሽ ሰጠሻቸው!»

«ተረፈ ይሉታል? የእናቴን አልጋ ሲያወጡ እኔን ግን ውስጥ ትቅር ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ተርፌ ነበር?»

አቶ ፈይሳ ከሁለቱ ሴቶች ጋር ጥቂት እርምጃ ሄደ፤ ከዚያ ቆመና በተለወጠ ድምፅ ተናገረ። «የዚህ ወር ኪራይ ተከፍሏል?»

«ነገ ነው።»

«ደረሰኙ በሁለታችሁ ስም ከተጻፈ፣ ቀበሌው ራሱ ተከራይነቷን አወቀ ማለት ነው። ይግባኝ ሰሚዎቹ ፊት እሱን ነው የማስቀድመው። አይጽፉልሽም እንጂ። አይቻልም ካሉሽ፣ አይቻልም ብላችሁ ጻፉልኝ በያቸው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይፈርምም።»

«ለዚህ ስንት ልጨምርልዎ?»

«ሂጂ ወዲያ» አለ አቶ ፈይሳ፣ ፊቱን አዙሮ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ገንዘብ መቀበያው ላይ ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ሎሚ ስምንቱን ብር አስቀመጠች።

«ሎሚ ድንቁ እና ዙህራ ሱሌማን ብለህ ጻፍ።»

ገንዘብ ተቀባዩ ቀና አለ። «ለአንድ ቤት አንድ ስም ነው።»

«ገንዘቡ ግን የሁለት ሰው ነው።»

«አይቻልም አልኩሽ።»

«ደግ። ከዙህራ አልቀበልም ብለህ ጻፍልኝና ማኅተም ምታበት።»

ሰውየው ከሩቅ የጓድ አሰግድን ባዶ ወንበር አየ፤ ሰልፉን አየ፤ ማኅተሙን አየ። ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። አንዱ «ጻፍላት አቦ፣ ፀሐይ ገደለን!» አለ። ብዕሩ እንደ ከበደው ሆኖ ጻፈ፣ መታ፣ ቀደደና ወረወረላት።

ሎሚ ሳታጥፈው ለዙህራ አቀበለቻት። ዙህራ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና ቆመች። «ሎሚ ድንቁ እና... ዙራ ነው ያለው። ‹ህ› የለውም።»

ሎሚ ደረሰኙን ወስዳ መልሳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

«አስተካክለው» አለችው። «ዙራ የምትባል አላውቅም።»