የአያ ሞላ ኮኮናት

ልጅ ሳለሁ፣ በመተማ ቆላ፣ ኮኪት ላይ ሙቀቱ ከቤት ሲያስወጣን፣ ማታ ማታ ደጅ በተዘረጋው የገመድ አልጋ፣ በአንገረቡ ላይ ተደርድረን የእናቴን አጎት የአያ ሞላን ተረት እንሰማ ነበር። ቢምቢ እንዲሸሽ እናቴ የኒም ቅጠል ፍሙ ላይ ትጥላለች፤ ጭሱ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፤ ፋኖሱ የአያ ሞላን ፊት ግማሹን ብቻ ያሳየናል። በጉብዝናቸው ዘመን ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው፣ ድንበሩን ተሻግረው፣ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ የመርከብ ጭነት ሲያወርዱ ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው። ሲመለሱ ብቻቸውን ነበሩ። እኛ ቤት አረፉ፤ እዚያው ቀሩ።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምንወደው የኮኮናቱን ነበር። እግዜር ውሃን ለፍጥረቱ ሲያድል የባሕር ዳርቻ ሰዎች ዘግይተው ደረሱና ጨዋማው ብቻ ተረፋቸው። አለቀሱ። ለቅሷቸውን የሰማ አንድ ረጅም ዛፍ ሥሩን ባሕሩ ውስጥ ሰዶ ጨዋማውን ጠጣ፤ ጣፋጩን ለይቶ እላይ አናቱ ላይ፣ በጠንካራ ቅል ቋጠረላቸው። ጀሪካን ያልነካው፣ እጅ ያልገባበት ውሃ። ያኔ እኛ የምንጠጣው በጀሪካን ውስጥ እንደ ሻይ የሞቀ ውሃ ነበርና፣ ምራቃችንን እየዋጥን ጣዕሙን ይንገሩን እንላቸው ነበር። «ከዝናብ ውሃ ጣፈጥ ይላል፤ ከወተት ቀለል ይላል» ይሉንና ፊታቸውን ከፋኖሱ ወደ ጨለማው ያዞራሉ።

አንድ ዓመት፣ በሚያዝያው ሐሩር፣ ጠዋት ሊነሱ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። አባቴ ጎንደር ድረስ ወሰዳቸው፤ ሐኪሞቹ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሷል ብለው መድኃኒት ሰጥተው መለሷቸው። ጠበልም ሄዱ። ያው ናቸው። ማታ ማታ አንገረቡ ላይ እናስተኛቸዋለን፤ እኛም እንደ ድሮው ዙሪያቸውን እንቀመጣለን፤ የሚናገር ግን የለም። ውሃ ስናጠጣቸው ትን ይላቸውና በከንፈራቸው ጥግ ይፈሳል። እናቴ አንገታቸውን ደግፋ ታብስላቸዋለች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

ዑስማን የሚባል፣ ሰሊጥ የሚያመላልስ የሱዳን፣ የገዳሪፍ ሾፌር መታመማቸውን ሰምቶ ኖሮ፣ አንድ አመሻሽ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ፀጉራም፣ ቡናማ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ኮኮናት። ጆሮዬ ሥር አድርጎ ሲነቀንቀው ውስጡ ያለው ውሃ ተንቦጫቦጨ። አባቴ በምስማር በስቶ ኩባያ ላይ ገለበጠው፤ እናቴም ለአያ ሞላ አቀረበችላቸው።

ትን አላላቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው ዋጡ፤ ደግመው ዋጡ፤ ከታመሙ ወዲህ ተቋጥሮ የከረመው ፊታቸው ፈታ አለ። የተረፈውን በግራ እጃቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ጠጣሁ። እውነትም ከዝናብ ውሃ ጣፈጥ፣ ከወተት ቀለል ይላል፤ ትንሽ የለውዝ ሽታ ነበረው፤ ጣዕሙም ከምላሴ ላይ ቶሎ አልለቀቀም።

መናገር የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። «ሰል... ሰልማ።»

እናቴ ደንግጣ አጠገባቸው ተንበረከከች። «ሰው ናት፣ አያ?»

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስትዎ ነበረች ወይ ስትላቸው ግራ እጃቸውን አነሱና ከመሬት ለካ አደረጉ፤ እጃቸው የቆመው የእኔን ትከሻ በሚያህል ከፍታ ላይ ነበር።

«ልጅዎ ናት?»

እንባቸው ወረደ። ዑስማን በአረብኛ ሰፈሩን፣ የእናቷን ስም ጠየቃቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያችው ስም በቀር የወጣ ነገር የለም። እናቴ የምትይዘው የምትጨብጠው ሲጠፋት «እስኪ አንቺ ተረታቸውን ንገሪያቸው፤ ልባቸው ይረጋ» አለችኝ። ጀመርኩ። የባሕር ዳርቻ ሰዎች አለቀሱ ከሚለው ላይ ስደርስ የእጄን አንጓ ጥብቅ አድርገው ያዙኝ፤ እንዲያ አይደለም የሚሉ ይመስል ራሳቸውን ወዘወዙ። እንደገና ጀመርኩ፤ እዚያው ስደርስ አሁንም ያዙኝ። የቱ ጋ እንደሳትኩ የሚነግረኝ አልነበረም።

ሰሊጡ ሳይታጨድ አረፉ። ዑስማን ወደቡ ላይ ጠያይቆ፣ ሰልማ የሚባሉት ብዙ መሆናቸውን ነገረን። ዓመታት አልፈው ሱዳን ጦርነት ሲገባ የእሱም ሎሪ ከመምጣት ቀረ። በመተማ በኩል ስደተኞች በገቡ ጊዜ፣ ያረጀችው እናቴ ሰልማን በዕድሜ የምትመጥን ሴት ባየች ቁጥር ስሟን ትጠይቅ ነበር፤ ብታገኛት ምን እንደምትላት ግን እሷም አታውቅም።

አሁን ሳስበው፣ እነዚያን ምሽቶች ሁሉ አያ ሞላ ለእኛ ይተርቱ የነበሩ አይመስለኝም። ተረቱን ቀድማ የሰማችው ሰልማ ትሆናለች፤ ሰዎቹ በእርግጥ ለምን እንዳለቀሱ የምታውቀውም እሷ ብቻ ትሆናለች። ዛሬ ለልጄ ስነግራት፣ እዚያ ቦታ ስደርስ ሳላስበው ቃሌ ይያዛል። «ከዚያስ?» ትለኛለች። የማውቀውን ያህል እነግራታለሁ፤ ትክክል ይሁን አይሁን ግን የምጠይቀው ሰው የለኝም።