ሳጥን የሆኑት ፊደላት

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት አዲስ ሲስተም መጥቷል፣ ልጫነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «በኋላ» የሚለውን ነካሁ። ልጄ ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ የአሁኑ እኮ ምንም አያጠፋም!» እውነቷን ነው። እኔ ግን ደክሞኛል። አንዱ ሲመጣ ፕሪንተሩን አላውቅህም ይለዋል፣ ሌላው ድምፁን ይዘጋል፤ ያ ተስተካከለ ስል ደግሞ ሌላ ይመጣል።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዲላ ውስጥ በአንዲት ጽሕፈት ቤት የሰው ጽሑፍ በኮምፒውተር እጽፍ ነበር። በዚያ ክረምት መምህር በራሶ የሚባሉ ጡረተኛ ከደጋው ከቡሌ ወረዱ፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ፣ በላስቲክ የጠቀለሉት ወረቀት ግን ደረቅ። ሟች አባታቸው ስለ እንሰትና ስለ ዛፍ የነገሯቸውን ሁሉ በእጃቸው ጽፈውታል። መጽሐፍ ሊያደርጉት ነው። በመጡ ቁጥር ቆጮ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር።

በኛ ጽሕፈት ቤት ተጽፎ ያለቀ ወረቀት፣ ባለቤቱ ካልፈለገው፣ በር ላይ ለምትቀመጠው ቆሎ ሻጭ መጠቅለያ ይሰጣል። እሷም አንድ እፍኝ ቆሎ ትመርቅልናለች። የመምህርን ጽሑፍ እንደጨረስኩ ወረቀቱን ሳልጠይቃቸው ሰጠኋት።

በማግስቱ ጓደኛዬ ከአዋሳ አዲስ ሲስተም በሲዲ አመጣችልኝ። ማማሩ! የመምህር ጽሑፍ እስኪታተም እንኳ አላስቻለኝም፤ ጫንኩት። የአማርኛ መጻፊያውን አልቀበልም አለ፣ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። ደንግጬ ስነካካ እዚያው ላይ ሴቭ አደረግሁት። አሮጌውን ሲስተም ብመልስም ሳጥኑ ሳጥን ሆኖ ቀረ። ወደ ቆሎ ሻጯ ሮጥኩ፤ አንድም ወረቀት አልተረፈም።

መምህር ሲመጡ «አዲሱ ሲስተም አበላሸው» አልኳቸው።

«የእጅ ጽሑፌስ?»

«እሱም… ሲጠግኑት እቃው ተተረማምሶ ጠፋ።»

«ማሽን ነው፣ ምን ይደረጋል። በይ ተቀመጪ ልጄ፣ እንደገና ልንገርሽ።»

ሦስት ሳምንት በዚያ ዝናብ እየተመላለሱ ነገሩኝ። አንዳንዴ መሃል ላይ ይቆማሉ። «ይቺን አባቴ ነበር የሚያውቃት። እለፊያት» ይሉኛል፤ አልፋለሁ። መጽሐፉ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ጪጩ ገበያ አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል። እጄን ይዘው «ያ ማሽንሽ አሁንስ ይታመናል?» አሉኝ።

«አዎ መምህር፣ አሁንስ ይታመናል።»

ማሽኑን ያኔውኑ ይቅር ብለውታል። እኔን ይቅር እንዲሉኝ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ጪጩም ላይ አልተናገርኩም።