አያቴ ሲተረጉሙ

አያቴን መንደራቸው ጫኖ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያስታውሳቸው በአስተርጓሚነታቸው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የተባለውን አንድም ቀን አልተረጎሙም።

ከአርባ ምንጭ የሚመጣው የመንግሥት ኃላፊ ከማንጎው ሥር ቆሞ፣ «ማኅበራዊ ትስስራችንን አጠናክረን አገራዊ አንድነታችንን እንገንባ» ይልና ላቡን ይጠርጋል። ያኔ አያቴ ብድግ ብለው፣ አማርኛ ለማይሰሙት በጋሞኛ፣ «ከወንዙ ማዶ ያለችው አራስ ጠያቂ የላትም፤ ሳታዩአት ቤታችሁ እንዳትገቡ ነው የሚለው» ይላሉ። ጋሞኛ የማይሰማው ኃላፊም «በትክክል!» ብሎ ያጨበጭባል። ለዕረፍት ከከተማ የመጣሁት እኔ በሳቅ እሞታለሁ። ሰዉ ግን ከስብሰባው በቀጥታ ወደ አራሷ ይሄዳል።

እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ ኃላፊው ተመልሶ መጣ። ያንኑ ንግግር አድርጎ እንደ ልማዱ ቆም አለና ወደ ማንጎው ግንድ አየ። የአያቴ ቦታ ባዶ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከተማ ያደግሁ ነኝ፤ ጋሞኛ እሰማለሁ እንጂ መናገሩ አይሆንልኝም። እንደ ምንም ተነስቼ «አንድ ሁኑ ነው የሚለው» አልኩ።

«እሱንማ ሁሌ ይላል» አሉ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን። «ዛሬ ለማን ነው ያለው፣ ልጄ?»

ለማን እንደሆነማ አላጣሁትም። በመስኖ ውኃ ተጣልተው ሰላምታ ያቆሙት ሁለቱ ጎረቤቶቻችን እዚያው ፊቴ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። አያቴ ቢሆኑ በየስማቸው ይጠሯቸው ነበር። አፌን ከፍቼ የጋሞኛውን ቃል መፈለግ ጀመርኩ።

ኃላፊው የጨረስኩ መስሎት «በትክክል!» ብሎ አጨበጨበ።